የበርግማን ዶክተር ቬርጌሩስ በእርግጥ ሳይንቲስት ነበር? በ1958ቱ የስዊድን ፊልም ላይ የተደረገ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ

ስዊድናዊው ዳይሬክተር ኢንግማር በርግማን በ1958 የሠራውና በአሜሪካ «አስማተኛው» በሚል ስም የታየው «አንሲክቴት» ሳይንስ በምትሃት ፊት የተንበረከከበት ፊልም ነው የሚል አስተያየት ደጋግሜ አነባለሁ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዚህ አስተያየት አልስማማም። ታሪኩ በሚካሄድበት ቤት ውስጥ ሳይንስ አልተሸነፈም፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም በቦታው አልነበረም። በቦታው የነበረው ውጤቱን አስቀድሞ የወሰነ፣ በውጤቱም ላይ የተወራረደ፣ ሰው ለማዋረድ የተዘጋጀ አንድ የተማረ ሰው፣ ዶክተር ቬርጌሩስ ነው።

ፊልሙን ላላዩ ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጊዜው ጁላይ 1846 ነው። አልበርት ኢማኑኤል ፎግለር የተባለ፣ ዲዳ መስሎ የሚኖር ባለ ምትሃት ማግኔታዊ የፈውስ ቲያትር ብሎ ከሰየመው ቡድኑ ጋር ጫካ አቋርጦ ወደ ስቶክሆልም ይመጣል። አብረውት የወንድ ልብስ ለብሳ አማን በሚል ስም የምትጓዘው ሚስቱ ማንዳ፣ መድኃኒት የምትቀምመው አሮጊት አያት፣ አፈ ጮሌው ቱባልና ወጣቱ ሠረገላ ነጂ ሲምሶን አሉ። መንገድ ላይ ስፔገል የሚባል በሕመምና በመጠጥ የተጎዳ ተዋናይ ያነሣሉ፤ እርሱም ሠረገላው ውስጥ የሞተ ይመስላቸዋል። ወደ ከተማዋ እንደገቡ ቆንስል ኤገርማን ቤት ይወሰዳሉ። እዚያ የሚጠብቋቸው ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል መኖሩን የሚያምነው ቆንስል፣ የፖሊስ አዛዡ ስታርቤክና የመንግሥት የሕክምና አማካሪ የሆነው ዶክተር ቬርጌሩስ ናቸው። ቆንስሉና ዶክተሩ በዓለም ላይ ሊብራራ የማይችል ነገር አለ ወይስ የለም በሚል ተወራርደዋል፤ መንገደኞቹ ለእነርሱ የውርርዱ መፍቻ እንጂ ሰዎች አይደሉም።

በማግስቱ በሚቀርበው ትርኢት መጋረጃው ተገልጦ በአየር ላይ የመንሳፈፉ ዘዴ ለሳቅ ይጋለጣል። ከዚያ ግን የአዛዡ ሚስት በሂፕኖቲዝም (በሌላ ሰው ቃል በሚመጣ እንቅልፍ መሰል ሁኔታ) ውስጥ ሆና የባሏን ገመና በሰው ፊት ትዘረግፋለች። አንቶንሶን የተባለው ግዙፍ የቤቱ አገልጋይ በማይታይ ሰንሰለት ታስረሃል ሲባል እጁን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ እንደተለቀቀም ፎግለርን አንቆ ይጥለዋል። ቬርጌሩስ የፎግለር የመሰለውን አስከሬን ጣራው ሥር ባለው ክፍል ይመረምራል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን በዚያች ሌሊት በእርግጥ የሞተው የተዋናዩ አካል ነው። ፎግለር በሕይወት አለ፤ በዚያው ቆጥ ላይም በቀለም ብልቃጥ ውስጥ ባለ ዐይን፣ ከጨለማ በሚወጣ እጅና በመስታወት ውስጥ ብቅ በሚል ፊት ዶክተሩን እስከ ጩኸት ያደርሰዋል።

ቬርጌሩስ መጀመሪያ ላይ የፎግለርን ጉሮሮ መርምሮ ምንም ጉድለት እንዳላገኘ ሲናገር ሐኪም ነው። ወዲያው ግን የዚህን ሰው አካል ከፍቶ ማየት እንደሚመኝ ሲናገር ሌላ ሰው ይሆናል። ይህ ምኞት የዕውቀት ጥማት ሊባል ይችላል ወይ? ቆጡ ላይስ ያሸነፈው ማን ነው? የእናንተን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።

ምላሾቹ

ዘግይቶ ለሚገባ አንባቢ እንዲያመች፣ የመጡትን ምላሾች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እዚህ አጠናቅሬአቸዋለሁ። በየመካከሉ የራሴን ፍርድም ጨምሬአለሁ።

ምላሽ 1 በትሕትና የተጻፈ ምስጋና ነበር። ጸሐፊዋ በሐሳቤ መስማማታቸውን ገልጸው፣ እርሳቸውን የያዛቸው ክርክሩ ሳይሆን የጫካው ጉዞ መሆኑን ነገሩን፤ በጭጋግና በዛፎች መካከል የሚሰነጠቀውን ብርሃን አድንቀው ምስጋናውን ለካሜራ ባለሙያው ለስቬን ኒክቪስት ሰጡ። ምላሽ 2 ይህንን ወዲያው አረመ። ፊልሙን ያነሣው ጉናር ፊሸር ነው፤ ከበርግማን ጋር እስከ 1960 ድረስ የሠራ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ሞት ከባላባቱ ጋር ቼዝ ሲጫወት ያየንበትን «ሰባተኛው ማኅተም» የተባለ ፊልምም ያነሣ ሰው ነው። በዚያ ፊልም ሞት ሆኖ የተጫወተው ቤንግት ኤኬሮት እዚህ የሚሞተው ተዋናይ ሆኗል፤ ባላባቱ የነበረው ማክስ ፎን ሲዶቭ ደግሞ ፎግለር ነው። እርማቱ ትክክል ነው፤ የመጣበት ቃና ግን ትንሽ ቀለል ቢል መልካም ነበር፤ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

ምላሽ 3 የአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፤ እስካሁን ከቀረቡልኝ ተቃውሞዎችም ጠንካራው ይኸው ነው። እርሳቸው እንደሚሉት ቬርጌሩስ ከሁሉም ይልቅ ሐቀኛ ሰው ነው። ከመፍረዱ በፊት መርምሯል፤ ዲዳነቱ የአካል ምክንያት እንደሌለው ደርሶበታል፤ በዚያም አልተሳሳተም፤ ፎግለር ከሚስቱ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ ይናገራልና። ቆጡ ላይ ደንግጧል፤ ነገር ግን ከድንጋጤው እንደወጣ የደረሰበት ነገር ቀላል የሞት ፍርሃት እንጂ ሌላ አለመሆኑን ይናገራል። ገና ላቡ ሳይደርቅ የራሱን ምልክት በትክክለኛ ስሙ የሚጠራ ሰው ሳይንቲስት ካልሆነ ሳይንቲስት የሚባለው ማን ነው ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ማዋረድ ያልሁትን ነገር በተመለከተም፣ አጭበርባሪን ማጋለጥ ለሕመምተኛ የሚደረግ ጥበቃ መሆኑን፣ በሐሰተኛ መድኃኒት የተጎዱ ሰዎችን በየሳምንቱ የሚያይ ሐኪም ይህንን ለመረዳት ፊልም እንደማያስፈልገው ጽፈዋል። መጨረሻው ላይ ያለው ቃላቸው ጠጠር ያለ ቢሆንም ያገባኛል ብሎ የሚጽፍ ሰው ቃል ነው።

እኔ በዚያው ሥር የመለስሁላቸው፣ ስሜትን በስሙ መጥራት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቬርጌሩስ ፍርሃቱን ሰይሞ አለፈው እንጂ፣ የማያምንበት ነገር እንዴት ሊያስጮኸው እንደቻለ አልጠየቀም። ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ በእጁ ነበረ፤ የሳይንስ ሰው የሚጀምረው እዚያ ላይ ሲሆን እርሱ ጨረስሁ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው።

ምላሽ 4 የውይይቱን ክር ወደ ሌላ ከፍታ ያወጣው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። የሥነ ልቦና ትምህርት የሚያስተምሩ እህት፣ የፎግለር ጥበብ ከየት እንደመጣ አስታወሱን። ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የሚባለው ሐኪም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቪየና፣ ከዚያም በፓሪስ፣ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የማይታይ ማግኔታዊ ፈሳሽ አለ፤ ሕመምም የዚህ ፈሳሽ መዛባት ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ከአባላቱ መካከል ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ የኬሚስትሪው ላቯዚዬና የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ባይ ይገኙበታል። ሜስመር ራሱ ለመመርመር ፈቃደኛ ስላልነበረ የተመረመረው የደቀ መዝሙሩ የደስሎን ሥራ ነው።

ፍራንክሊን ታሞ ከቤቱ መውጣት ስላልቻለ ፓሲ በሚገኘው መኖሪያው የተደረገውን ሙከራ እህታችን በዝርዝር ተርከውታል። ደስሎን በአትክልቱ ቦታ ውስጥ አንዱን ዛፍ «ማግኔት» ሰጠው፤ ከዚያም ለዚህ ኃይል ስሱ ነው ያለው የ12 ዓመት ልጅ ዐይኑ ታስሮ ወደ ሌሎች ዛፎች ተመራ። ልጁ አራተኛው ዛፍ ጋ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። ማግኔት የተሰጠው ዛፍ ግን ከዚያ ርቆ የቆመ ነበር። ኮሚሽኑ ከዚህና ከመሰል ሙከራዎች የደረሰበት ድምዳሜ፣ የተባለው ፈሳሽ አለመኖሩን፣ የታየውን ውጤት የሚያመጣው ምናብ መሆኑን የሚገልጽ ነው። የእህታችን ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው፦ ኮሚሽኑ ልጁን ውሸታም አላለውም። መውደቁ እውነት ነው፤ የመውደቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ቬርጌሩስ ግን ዐይን የማሰር፣ የማነጻጸር፣ ውጤቱን የሚያጠራ ነገር የማዘጋጀት ሐሳብ እንኳ አልመጣለትም፤ ያዘጋጀው ነገር ቢኖር ተመልካችና ሳቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከመንገድ ወጣን። ምላሽ 5 ላቯዚዬና ባይ በአብዮቱ ዘመን ጊሎቲን በተባለው የአንገት መቁረጫ መሞታቸውን፣ ለዚያ መሣሪያ ስሙን የሰጠው ሐኪም ጊዮቲንም የዚያው ኮሚሽን አባል መሆኑን አንሥቶ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ረጅም ጽሑፍ አስከተለ። ምላሽ 6 በአንድ ዐረፍተ ነገር ወደ ስቶክሆልም እንድንመለስ ለመነን።

ወደ ስቶክሆልም የመለሱን በዚያው ከተማ የሚኖሩት የምላሽ 7 ጸሐፊ ናቸው። ፊልሙን ያዩት በዬርዴት በሚገኘው የፊልም ቤት ውስጥ፣ የስዊድን ተመልካቾች መካከል ተቀምጠው ነው፤ አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች በፖሊስ አዛዡ ሚስት ንግግር ከልባቸው ሲስቁ፣ እርሳቸው ግን ለሴትዮዋ ተሳቀው እንደነበር ጽፈዋል። ይበልጥ የጠቀመን ግን የከተማዋ ታሪክ ነው። በ1786 ስቶክሆልም ውስጥ ከመናፍስት ጋር እነጋገራለሁ ይል የነበረውን የስዊድናዊውን አሳቢ የስዌደንቦርግን ትምህርት የሚከተል ማኅበር ተመሥርቶ፣ በሜስመር ዘዴ በተኙ ሰዎች አፍ መናፍስት ይናገራሉ ብሎ ያምን ነበር። ባለቅኔው ቼልግሬን በ1787 እብድ መሆን ብቻውን ሰውን ሊቅ እንደማያደርገው በሚናገር ግጥሙ እነዚህን ሰዎች መሳለቂያ አደረጋቸው። ስለዚህ የቆንስሉ እምነትና የዶክተሩ ንቀት በርግማን ከአየር ላይ የፈጠራቸው ሳይሆኑ ከ60 ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ የተካሄደ ጠብ ውርስ ናቸው። ይህን ማወቅ ፊልሙን ለእኔ በጣም አቅርቦልኛል።

ምላሽ 8 የሐኪሙን ክርክር በሐኪም ቋንቋ የተጋፈጠ ነው። ጸሐፊው የማደንዘዣ ባለሙያ ናቸው። የፊልሙ ቀን ጁላይ 1846 መሆኑን ልብ በሉ አሉን። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 16 ቀን ዊልያም ሞርተን ቦስተን ውስጥ ኤተር የተባለውን ማደንዘዣ በሕዝብ ፊት ለቀዶ ሕክምና አሳየ፤ በዲሴምበር ደግሞ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሊስተን ለንደን ላይ በኤተር አደንዝዞ እግር ቆረጠ። ቬርጌሩስ እንግዲህ ያንን ሁሉ ኩራት ይዞ የቆመው፣ ሕክምና ለሚቆረጥ ሰው ሕመም ከአልኮልና ከኦፒየም የተሻለ ብዙም የሚሰጠው ነገር ባልነበረው ዘመን የመጨረሻ ወራት ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ኤስዴል በዚያው ጊዜ ቤንጋል ውስጥ ሕመምተኞችን በሜስመር ዘዴ አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ያደርግ ነበር፤ በማንችስተር የሚሠራው ጄምስ ብሬድም ዘዴውን ከፈሳሽና ከማግኔት ወሬ አላቅቆ ሂፕኖቲዝም የሚለውን ስም በ1843 ባወጣው መጽሐፍ ሰጥቶታል። በፎግለር ድንኳን ውስጥ፣ ለማወቅ ለሚፈልግ ሐኪም፣ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነበር ማለት ነው። የምላሽ 3 ጸሐፊ በአጭሩ ሲመልሱ፣ ጥቂት እውነት የያዘ ማጭበርበር ከሁሉ የከፋ ማጭበርበር ነው አሉ።

ምላሽ 9ን ሳነብ ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ። የጻፉት ልጃቸውን በሞት ያጡ እናት ናቸው። ስለ ፊልሙ ያነሡት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቆንስሉን ሚስት ኦቲሊያን። ሴትዮዋ ልጇ ሞታባታለች፤ ከባሏም ተራርቃለች፤ ዝም የሚለውን እንግዳ ስታይ ልጇ ለምን እንደሞተች ሊነግራት የመጣ ይመስላታል። ጸሐፊዋ ከሐዘናቸው በኋላ ያወቁ ናቸው የተባሉ አንድ ሰው ዘንድ መሄዳቸውን፣ የተነገራቸውን እንዳላመኑት፣ ግን መንገዱን ሁሉ ልጃቸውን ስሟን እየጠሩ ስለሄዱ ቀለል ብሏቸው መመለሳቸውን ጻፉ። ሐኪሞቹ የሕመሙን ስም ነግረዋቸዋል፤ ያን ማወቅ አስፈላጊያቸው ነበር፤ ሆኖም ስለ ልጅቷ ማንም አልጠየቃቸውም። ፎግለር ኦቲሊያን አላዳናትም፤ መጨረሻ ላይ ያለ ጺምና ያለ ቀለም ሲያዩት እርሷም እንደማታውቀው ሆናለች። እርሳቸው ግን አይፈርዱባትም።

ምላሽ 10 በዚህ ላይ የመጣ ቁጣ ነው። ጸሐፊው ለእናትየዋ ሐዘናቸውን ገልጸው፣ ወዲያው እንዲህ ያለውን ሐዘን የሚነግዱበትን ሁሉ አወገዙ። ማንዳ ራሷ ለቬርጌሩስ ሁሉም ማስመሰልና ሐሰተኛ ተስፋ መሆኑን አምናለታለች፤ ታዲያ እኛ ምን ሆነን ነው ጠበቃ የምንቆምላቸው? ደግሞ አንቶንሶንን ማንም አላነሣውም አሉ። ለጌቶች መዝናኛ መጫወቻ የተደረገው እርሱ፣ ሰው የገደለ መስሎት ራሱን የሰቀለው እርሱ፣ ባለ ምትሃቱና ዶክተሩ ሲፋለሙ የተረሳው እርሱ ነው። ያን አገልጋይ የገደለው ምትሃት ነው፤ ሕይወቱን ላጣ ሰው የፎግለር ጥበብ ምን መልስ አለው?

በቃላቸው ኃይለኝነት ላይ ቅሬታ ያቀረቡ ነበሩ። እኔ ግን በነጥቡ ላይ ሙሉ በሙሉ ከጎናቸው ነኝ። ስለዚህ ፊልም ባነበብኋቸው ጽሑፎች ውስጥ አንቶንሶን የሚጠቀሰው በሩጫ ነው። ጨዋታውን የተጫወተው ፎግለር ሲሆን፣ ሜዳውን ያዘጋጁት ግን ቆንስሉ፣ አዛዡና ዶክተሩ ናቸው፤ አገልጋዩን ወደ መካከል ያስገባው የእነርሱ ፈተና ነው። ምላሽ 11 ይህንኑ ከእኔ በተሻለ አስረዳ፦ ቬርጌሩስ ከዚያ ሞት በኋላ በአንቶንሶን ላይ የደረሰውን ለማወቅ አንዲት ጥያቄ እንኳ አይጠይቅም።

ምላሽ 12 የጻፉልን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ለብዙ ዓመታት ፊልም ሲያሳዩ የኖሩ አባት ናቸው። በሴኮንድ 24 ምስል በመሣሪያው ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪተካ ድረስ የሚሽከረከረው መዝጊያ ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ ብልጭልጩ ዐይን እንዳያስቸግር ደግሞ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ይከፍተዋል። ተመልካቹ ከፍሎ ከተቀመጠበት ሰዓት ውስጥ ግማሽ ያህሉን በፍጹም ጨለማ ውስጥ ያሳልፋል፤ ግን አይታወቀውም። እኒህ አባት ይህንን ሁሉ በእጃቸው እያንቀሳቀሱ፣ በዚያችው ትንሽ መስኮት ሲመለከቱ ማልቀሳቸውን አይሸሽጉም። ማወቃቸው ዕንባቸውን አላስቀረውም፤ ዕንባቸውም ዕውቀታቸውን አላጠፋባቸውም። የፊልሙ ጥያቄ መልስ አለው ከተባለ፣ በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ የቀረበው ይህ ይመስለኛል።

ምላሽ 13 ቬርጌሩስ የተቀዳው ከሐያሲው ከሃሪ ሼይን መሆኑን፣ ሼይንም ማንዳን የተጫወተችው የኢንግሪድ ቱሊን ባል መሆኑን ጻፈ። ምላሽ 14 ይህን ሐሜት ብሎ ሊያስቆመው ሞከረ፤ አልተሳካለትም፤ ምክንያቱም በርግማን ራሱ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ የቬርጌሩስን መነሻ ተናግሯል። ሼይን በትምህርቱ መሐንዲስ ነበር፤ በ1963 የስዊድንን የፊልም ተቋም የመሠረተውም እርሱ ነው። ለእኔ ይህ ከወሬነት የሚያልፍበት ምክንያት፣ በርግማን ስለ ሳይንስ ሲናገር ስለ ሒስም ይናገር እንደነበር ስለሚያሳይ ነው። ጉናር ብዬርንስትራንድ ዶክተሩን ሲጫወት በጨዋነት ፈገግ እያለ ሰውን በዐይኑ የሚከፍተው ለዚህ ነው።

ምላሽ 15 ወደ ክርክሩ ልብ ተመልሶ በእኔ ላይ ማስረጃ አመጣ። በርግማን በ1977 በሠራውና በ1923ቱ በርሊን ውስጥ በሚካሄደው ፊልም፣ በሰዎች ላይ ጨካኝ ሙከራ የሚያደርገው ሐኪም ስሙ ቬርጌሩስ ነው፤ ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሳይንስን ራሱን ይጠላል አሉ። ምላሽ 16 ግን በ1982ቱ «ፋኒና አሌክሳንደር» ውስጥ ያንኑ ስም የተሸከመው ጳጳስ መሆኑን አስታወሱ። በዚያም ልጆቹን ከጳጳሱ ቤት በምትሃት የሚያወጣቸውን ይስሐቅን የተጫወተው ኤርላንድ ዮሴፍሶን ነው፤ በ1958 ቆንስል ኤገርማን ሆኖ ከሰው አእምሮ በላይ የሆነ ነገር አለ ብሎ የተወራረደው ያው ተዋናይ። ይህ ለእኔ ወሳኝ ነው። በርግማን አንዱን ስም ለሐኪምም ለጳጳስም ከሰጠ፣ የሚከሰው ሙያውን ሳይሆን ሌላውን ሰው በእርግጠኝነቱ የሚጨፈልቀውን ነው።

ምላሽ 17 ስለ ፍጻሜው ነበር፦ ፎግለር ዝናብ ላይ ገንዘብ ሲለምን፣ ቬርጌሩስ ሳንቲም ሲወረውርለት፣ ድንገትም ቤተ መንግሥቱ ለጁላይ 14 ትርኢት ሲጠራው። ጸሐፊው ጥሪውን የባለ ምትሃቱ ድል አድርገው ወሰዱት። እኔ እንዲህ አላየውም፤ ንጉሡ ገና ምንም አላዩም፤ ሰውዬውም ከአንድ ደቂቃ በፊት የለመነው ራሱ ነው።

የመጨረሻው፣ ምላሽ 18፣ እንደገና የሐኪሙ ነው፤ ቃናቸውም ተለውጧል። ሳንቲሙ ውርደት መሆኑን ተቀበሉ፤ ቢታመሙ ግን አሁንም ቬርጌሩስ እንዲያክማቸው እንደሚመርጡ ደገሙ። ከዚያ ለምላሽ 4 ጸሐፊ አንድ ከባድ ነገር አቀረቡ። ያ የተመሰገነው የ1784ቱ ኮሚሽን ለንጉሡ የጻፈው ምሥጢራዊ ዘገባም ነበር፤ በዚያ ውስጥ ሴት ሕመምተኞች ስሜታቸውን መግዛት የማይችሉ፣ ለሥነ ምግባር አደገኛ በሆነ መንገድ በቀላሉ የሚነኩ ተደርገው ተሥለዋል። ስለዚህ ንቀቱ የቬርጌሩስ ብቻ አይደለም፤ ምርጥ የተባለው ሳይንስ ውስጥም ተቀምጦ ነበር። እህታችን ዘገባው እውነት መሆኑን አረጋግጠው፣ የፓሲው ሙከራ ግን ማንም ሰው ዐይን አስሮ ዳግመኛ ሊፈትነው ስለሚችል በሠሪዎቹ አመለካከት ላይ እንደማይቆም፣ ምሥጢራዊው ዘገባ ግን የሚቆመው በእርሱ ላይ ብቻ መሆኑን መለሱ። እኔም በዚህ ልዩነት እስማማለሁ፤ ቬርጌሩስ በዚያ ቤት ውስጥ ያደረገው ነገር ሁሉ የሚመደበው ከሁለተኛው ጋር ነው።